አገር ክርስቲያን ልትባል ትችላለችን?

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ንግግር



በኦሪት ሕግ ኢዮቤልዩ ማለት የሃምሳኛው ዓመት በዓል ነው። በዚያ ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋ ነበር፤ ለባርነት የተሸጠው ሰው ነፃ ወጥቶ ወደ ወገኑ ይመለስ፥ ከችግር የተነሣ የተሸጠውም ርስት ለባለቤቱ ይመለስ ዘንድ ታዞ ነበር። ስለዚህ ኢዮቤልዩ የእልልታ ዓመት ብቻ አልነበረም፤ የሒሳብም ዓመት ነበረ እንጂ። ዛሬም ደብር ኢዮቤልዩዋን ስታከብር ስለ ሕንፃዋና ስለ አገልጋዮቿ ማመስገን የተገባ ነው፤ ነገር ግን ከምስጋናው ጋር ሒሳቡ ቢታሰብ በዓሉ ምሉእ ይሆናል።

ሊታሰቡ ከሚገባቸው ነገሮች አንዱ ስም ነው። ኢትዮጵያ «የክርስቲያን ደሴት» እየተባለች ብዙ ዘመን ኖራለች። በዚህ ስም የሚመካ ሰው ስሙ ቢነሣ የአባቶች አደራ የፈረሰ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ ያው ስም በተጠራ ቍጥር በአባቱ አገር እንግዳ የተደረገ ይመስለዋል። ሁለቱም በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ ልጆቻቸውም በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማራሉ። እንግዲህ አንዲት አገር ክርስቲያን ልትባል ትችላለችን? ብትባልስ በምን ምክንያት ነው? ብሎ መጠየቅ የሥራ ፈት ክርክር አይደለም፤ የጎረቤትን ሰላም የሚነካ ጥያቄ ነው።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገር ሰው። ክርስቲያን የሚለው ስም ግን፥ በሐዋርያት ሥራ እንደ ተጻፈው፥ በመጀመሪያ ለደቀ መዛሙርት የወጣው በአንጾኪያ ነው። ስሙ የወጣው በከተማዪቱ ለሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ነበር፤ ለከተማዪቱ አልነበረም። በዚያው መጽሐፍ የህንደኬ ጃንደረባ ታሪክ ይገኛል። ይህ ሰው በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ ፊልጶስ ቀረበው፤ ውኃ ካለበት በደረሱም ጊዜ ተጠመቀ፤ ደስ እያለውም መንገዱን ሄደ። በዚያች ቀን የተጠመቀው አንድ ሰው ነው፤ በእጁ የነበረው የንግሥቲቱ ግምጃ ቤት አልተጠመቀም። ጥምቀት ነፍስ ላለው ሰው የሚሰጥ ምሥጢር ነውና፤ ለተራራና ለወንዝ፥ ለድንበርና ለሕገ መንግሥት የሚሆን መጠመቂያ የለም።

ይሁን እንጂ አገርን ክርስቲያን ብሎ መጥራት ከጥንት ጀምሮ የተለመደ ነው። የሚጠሩትም ሰዎች ከሦስት ነገሮች አንዱን ይዘው ይጠራሉ፤ ይኸውም የመንግሥትን ዐዋጅ፥ የሕዝብን ቍጥር፥ ወይም የአገሪቱን ሥራ ነው። እነዚህን ሦስቱን በየተራ መመርመር ያሻል።

መጀመሪያው ዐዋጅ ነው። በአራተኛው ምእት ዓመት የአክሱም ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን በተቀበለ ጊዜ ምልክቱ በገንዘቡ ላይ ታየ። ቀድሞ የጨረቃና የክብ ምልክት ይቀረጽበት በነበረው ገንዘብ ላይ መስቀል ተቀረጸ። ቀድሞ በድንጋይ ሲያስጽፍ የማሕረም ልጅ ነኝ ይል የነበረው ንጉሥም ኋላ የሰማይን ጌታ ስም አስጻፈ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሃይማኖቱ የተዘራው በዐዋጅ አልነበረም። ከጢሮስ የመጣው ፍሬምናጦስ፥ በኋላም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው፥ አስቀድሞ በአገሩ ይነግዱ የነበሩ ክርስቲያኖች የጸሎት ቦታ እንዲኖራቸው ይረዳ ነበር፤ ከዚያም ወደ እስክንድርያ ሄዶ ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ ተመለሰ። ዘጠኙ ቅዱሳን መጥተው እንደ ደብረ ዳሞ ያሉትን ገዳማት እስኪያቀኑና ትምህርቱን በየገጠሩ እስኪያዳርሱ ድረስ ደግሞ ከመቶ ዓመት የሚበልጥ ዘመን አለፈ። መስቀሉን በወርቅ ላይ መቅረጽ ለአንጥረኛ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ በሰው ልብ ላይ መቅረጽ ግን የትውልድ ሥራ ሆነ።

ዐዋጅ ይህን ትዕግሥት ትቶ ልብን በአንድ ቀን ለመያዝ ሲሞክር ምን እንደሚሆን ደግሞ የ19ኛው ምእት ዓመት ታሪክ ያሳያል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም በወሎ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የቤተ ክርስቲያንን የትምህርት ክርክር ከዘጉ በኋላ የወሎ እስላሞች ሁሉ እንዲጠመቁ ታዘዘ። ከታላላቆቹ አንዱ መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት እርሳቸው ናቸው። ከሕዝቡ ግን እንደ ሼኽ ጦልሐ ያሉት በእንቢታ ተነሡ፤ ብዙዎች ተሰደዱ፤ ብዙዎችም በቀን ክርስቲያን በሌሊት እስላም ሆነው ኖሩ። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም በመተማ ስለ አገራቸው የወደቁ ንጉሥ ናቸው፤ ቅንዓታቸውንም ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ግዳጅ ያፈራው ክርስቲያንን ነው ወይስ የሚደበቅን ሰው? ብሎ መጠየቅ ንጉሡን መድፈር አይደለም። ፈጣሪ በፈቃድ የሚመጣውን ልብ ይወዳልና፥ በፍርሃት የተሞላ ቤተ ክርስቲያን ለእርሱ ክብር አይሆነውም።

ዐዋጅ ደግሞ በዐዋጅ ይሻራል። በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን መሆንዋን ደነገገ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሁልጊዜ የእርስዋን ሃይማኖት እንዲይዝ አዘዘ። ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ በ1967 ዓ.ም ዘውዱ ወረደ፤ ከዘውዱም ጋር ድንጋጌው ወደቀ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1971 ዓ.ም ተገደሉ። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በበኩሉ በ11ኛው አንቀጹ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፥ የመንግሥት ሃይማኖት እንደማይኖርም ደነገገ። ነገር ግን ስሙ ከሕጉ ሲወጣ ምእመናን ከቤተ ክርስቲያን አልወጡም፤ በመከራው ዘመን ቅዳሴው አልተቋረጠም፤ ጾሙም አልቀረም። እንግዲህ ሃይማኖቱን ያቆመው ድንጋጌው አልነበረም፤ ድንጋጌው ሲወድቅ ሃይማኖቱ አልወደቀምና።

ሁለተኛው ቍጥር ነው። በ1999 ዓ.ም በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከመቶው ሕዝብ 43.5 እጅ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፥ 33.9 እጅ የእስልምና፥ ከ18 እጅ የሚበልጠውም የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ሆኖ ተገኘ፤ የቀሩትም ካቶሊኮችና የጥንት እምነቶች ተከታዮች ናቸው። ክርስቲያኖቹ በአንድነት ሲቈጠሩ ይበዛሉ። ነገር ግን ቍጥር ለገበሬ መኸር መገመቻ፥ ለመንግሥት ግብር ማሰቢያ ይሆናል እንጂ ለሃይማኖት መለኪያ አይሆንም። ቍጥር መለኪያ ቢሆን ኖሮ ደቀ መዛሙርት በአንድ ቤት ደጅ ዘግተው በተቀመጡ ጊዜ ክርስትና በዓለም ላይ አልነበረም ማለት ይሆን ነበር። ከዚህም በላይ በብዛት የሚመካ ሰው በአነሰ ቀን ምን ሊል ነው? በሌላ አገር በጥቂቶች ወገን ሆኖ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን፥ ለታቦቱ ማደሪያ ቦታ ሲለምን፥ ባለአገሮቹ ብዛታቸውን ቈጥረው ደጃቸውን እንዲዘጉበት አይወድም። ለራሱ የማይወደውንም በጎረቤቱ ላይ ሊያደርግ አይገባውም።

ሦስተኛው ሥራ ነው። በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ታሪክ የሚያስመካም የሚያሳፍርም አለበት፤ ኢዮቤልዩም የሒሳብ በዓል ስለ ሆነ ሁለቱን ሊያነብ ይገባዋል።

የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ615 ገደማ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በመካ ስደት በጸናባቸው ጊዜ ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም ንጉሥ መጡ። የመካ ታላላቆች መልእክተኞችን ከእጅ መንሻ ጋር ልከው፥ ስደተኞቹ ይመለሱልን አሉ። ንጉሡም ስደተኞቹን አስጠርቶ ቃላቸውን ሰማ፤ ከሰማም በኋላ አሳልፌ አልሰጥም ብሎ እጅ መንሻውን መለሰ። ስደተኞቹ የንጉሡን ሃይማኖት የያዙ አልነበሩም፤ ለመንግሥቱም የሚያመጡት ጥቅም አልነበረም። የተጠለሉት ሰዎች ስለ ተገፉ ብቻ ነው። በዚያች ቀን አክሱምን ክርስቲያን ያሰኛት በገንዘቧ ላይ ያለው መስቀል አልነበረም፤ የተመለሰው እጅ መንሻ ነው እንጂ። እንዲህ ብለው የመሰከሩላትም የራስዋ ጸሐፊዎች አይደሉም፤ የሌላ ሃይማኖት ሰዎች ናቸው።

በሌላው የሒሳብ ገጽ ደግሞ ባርነት ተጽፎአል። ፍትሐ ነገሥት ሰው በተፈጥሮው ነፃ መሆኑን እያወቀ በጦርነት የተማረከው ባሪያ እንዲሆን ይፈቅድ ነበር፤ ነፃ ማውጣትን ግን ታላቅ ጽድቅ አድርጎ ይቈጥር ነበር። ከአፄ ቴዎድሮስ ጀምሮ ነገሥታት የባሪያን ንግድ የሚከለክል ዐዋጅ ቢያወጡም ንግዱ አልቆመም፤ ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ሰው ሰውን ይሸጥ ነበር። ኢትዮጵያ ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር የገባችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም፥ የመስቀል ዕለት ነው፤ የገባችውም ስለ ባርነት ግዴታ ፈርማ ነው። በዚያው ዓመት ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት ዐዋጅ ወጣ፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም ነው። ከዒዛና እስከዚያ ቀን የተቈጠረው ዘመን ከ1,500 ዓመት ይበልጣል። በዚህ ሁሉ ዘመን አገሪቱ ክርስቲያን ትባል ነበር፤ በገበያ ቆሞ ዋጋው የሚነገርበት ልጅ ግን ይህን ስም ሲሰማ ምን እንዳለ የጻፈለት የለም።

ርስትም እንዲሁ ነው። በደጋው አገር የእስልምና ተከታዮችና ቤተ እስራኤል ስለ ሃይማኖታቸው ርስት ሳይኖራቸው ብዙ ዘመን ኖሩ፤ ስለዚህ በንግድና በሽመና፥ በብረትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። የኢዮቤልዩ ሕግ ርስቱ ለባለቤቱ ይመለስ ሲል፥ ክርስቲያን የተባለው መንግሥት ርስትን በሃይማኖት ከለከለ። የገጠሩን መሬት ያለ ሃይማኖት ልዩነት ለአራሹ ያደረገው የ1967 ዓ.ም ዐዋጅ የወጣው ክርስቶስን ከማያምን መንግሥት እጅ ነው። ያው መንግሥት ብዙ ንጹሕ ደም ያፈሰሰ ስለ ሆነ ሊመሰገን አይገባውም፤ ነገር ግን አማኞች ሳይከፍሉት የቈየውን ዕዳ የማያምን ሰው መክፈሉ ለአማኞች ትልቅ ተግሣጽ ነው።

ይህን ሁሉ የሚሰማ ሰው፥ እንግዲያስ የአባቶች ሥራ ከንቱ ነውን? የላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት፥ የቅዱስ ያሬድ ዜማ፥ የዘመን አቈጣጠሩ፥ የመስቀልና የጥምቀት በዓል ተረስተው አገሪቱ ትውልድ እንደሌላት ትሁንን? ይል ይሆናል። ይህ ክርክር ብርቱ ነው፤ በቀላሉም ሊታለፍ አይገባውም። የኢትዮጵያ ትዝታ አብዛኛው በክርስትና እጅ የተጻፈ መሆኑን የሚክድ ሰው ታሪክን ይክዳል። ነገር ግን ቅርስ የሚያስረዳው አባቶች ምን እንደ ሠሩ ነው፤ ልጆች ምን እንደ ሆኑ አያስረዳም። የጻድቅ ልጅ የአባቱን ዳዊት ይወርሳል፤ ጽድቁን ግን ራሱ ካልሠራው በቀር አይወርሰውም። ደግሞም የክርስቲያኑ ቅርስ ታላቅ ነው ማለት የሌላው ቅርስ የለም ማለት አይደለም፤ በወሎ አንዱ ወንድም በመስጊድ ሌላው በቤተ ክርስቲያን እየጸለዩ በአንድ እናት ማዕድ የሚቀርቡበት ቤት ጥቂት አይደለም።

እንግዲህ መልሱ ይህ ነው። አገር በዐዋጅ ክርስቲያን አትሆንም፤ ዐዋጅ ይሻራልና። በቍጥርም አትሆንም፤ ቍጥር ይለዋወጣልና። በውስጧ የሚኖሩ ክርስቲያኖች ሥራቸው ሲመሰክር፥ ሌሎች አይተው ክርስቲያን ቢሏት ያን ጊዜ ስሙ እውነት ይሆናል፤ በአንጾኪያም ስሙ የወጣው እንዲሁ ነው። ሰው ይህን ስም በራሱ ላይ አንሥቶ ቢለጥፈው ግን ሹመት አይሆንለትም፤ ዕዳ ይሆንበታል። ምክንያቱም በማቴዎስ ወንጌል እንደ ተጻፈው፥ አሕዛብ ሁሉ በፈራጁ ፊት በሚሰበሰቡበት ቀን የሚጠየቁት ስለ ተራበውና ስለ ተጠማው፥ ስለ ታረዘውና ስለ እንግዳው፥ ስለ ታመመውና ስለ እስረኛው ነው፤ በሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ምን ስም ተጽፎ እንደ ነበረ የሚጠይቅ የለም።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም የእስልምና ተከታዮች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው በአዲስ አበባ አደባባይ በወጡ ጊዜ ብዙ ክርስቲያኖች አብረዋቸው ተሰልፈው ነበር። እነዚህ ክርስቲያኖች ሃይማኖታቸውን አልተዉም፤ የጎረቤታቸውን መብት እንደ ራሳቸው መብት ቈጠሩት እንጂ። የአክሱሙ ንጉሥ እጅ መንሻውን ከመለሰ ከ1,300 ዓመት በኋላ ያው ሥራ እንደ ገና ታየ ማለት ነው።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ይህች ደብር ዛሬ ደወሏን ስትደውል ድምፁ የሚሰማው በአጥሯ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ከአጥሩ ውጭ የሚኖረው፥ በሌላ አቅጣጫ ዞሮ የሚጸልየውም ጎረቤት ይሰማዋል። የጥንቱ ቀንደ መለከት ሲነፋ ባሪያው ነፃ መውጣቱን፥ ርስት ያጣውም ርስቱን ማግኘቱን ያውቅ ነበር። የዛሬውም ደወል ሲደወል ያ ጎረቤት የሚሰማው ነገር ስጋት ከሆነ ስሙ ገና ባዶ ነው፤ የሚሰማው ደኅንነት ከሆነ ግን፥ ስሙ በሕግ ቢጻፍም ባይጻፍም፥ በዚያ አገር ክርስቲያኖች አሉ።