ዐደባባይ የማን ነው?
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ መንገድ ዳር ማስታወቂያ ልንናገር ነው። ነገሩ ቀላል ይመስል ይሆናል። ነገር ግን እኛ ልጆች ሳለን ከፊደል ገበታና ከቁቤ ቀጥሎ ያነበብነው መጽሐፍ የአዳማ መንገድ ነበር፤ በዚያም ከሁሉ ገዝፎ ተጽፎ ያገኘነው የቢራ ስም ነው። ማንበብ መቻላችንን ለእናቶቻችን ያስመሰከርነውም ያንኑ ስም ጮኸን በመጥራት ነበር።

ማስታወቂያ ሁሉ ክፉ ነው አንልም። ከመካከላችን አባቱ የሱቅ ስም እየጻፈ ያሳደገው ይገኛል። ከሞጆ፣ ከመቂ ወይም ከባቱ የመጣ እንግዳም መድኃኒት ቤቱንና አልቤርጎውን የሚያገኘው በበሩ ላይ በተጻፈው ነው። ይህ ለሚፈልግ ሰው መልስ ይሰጣል፤ በዐደባባይ የተተከለው ግን ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። ጋዜጣ ቢሰለቸን እናጥፈዋለን፤ ሬዲዮ ቢያውከን እንዘጋዋለን፤ ከዚህ ግን ዐይናችንን ጨፍነን ካልሄድን በቀር አናመልጥም።

አገራችን ነገሩን ችላ አላለችውም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 የመንገድ ዳር ማስታወቂያንም በሕግ ሥር አዋለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከለከለ። በብራዚል የሳኦ ፓውሎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 ሕግ አውጥታ፣ ከ2007 መባቻ ጀምሮ የንግድ ማስታወቂያ ሰሌዳን ከመንገድ አስነሣች፤ የሱቆች ስም ግን በልክ ተወስኖ ቀረ። የፈረንሳይዋ ግሬኖብልም እ.ኤ.አ. በ2014 326 ሰሌዳዎች ተነሥተው ዛፍ እንዲተከል ወሰነች።

የሰሌዳ ኪራይ ገቢ ያስገኛል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚከራየው የሕፃናት ዐይን እንደ ሆነ ይታሰብ። ስለዚህ ከተማችን እገዳውን ከትምህርት ቤቶች አካባቢና ከዐደባባዮች እንድትጀምር በትሕትና እንለምናለን።

ሆኖም ከመለመናችን በፊት ራሳችንን ወቅሰናል። ለዚህ በዓል መጥሪያ ብለን ከፖስታ ቤት እስከ መናኸሪያ በየመብራት ምሰሶው ወረቀት ለጥፈናል፤ ማንንም አላስፈቀድንም። ነገ ጧት ባልዲና መፋቂያ ይዘን እንወጣለን። ወላጆቻችን ሆይ፤ በመንገድ ላይ ስንፍቅ ብታዩን ተቀጥተው ነው አትበሉ።