ስም የሚጠይቅ ሙያ

(በማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ትወናና ስለ ዝና አንድ ነገር በለን» አሉኝ። ሐኪምና መሐንዲስ በሞላበት አዳራሽ ተዋናይ ማናገር ድፍረት ነው፤ አመሰግናለሁ።

እኔ የላስታ ልጅ ነኝ። ቴአትር ላጠና ነው ስል ቤተ ዘመድ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ታዲያ አዝማሪ ልትሆን ነው?» ጥያቄው የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። ማጨብጨቡን ለምደነዋል፤ የገዛ ልጃችንን መድረክ ላይ ማየት ግን አሁንም ይከብደናል። እነ አስናቀች ወርቁ መድረክ የወጡት ስድቡን ችለው ነው።

እኔ ሌላውን መወከል ምን እንደሆነ ያየሁት አዳራሽ ውስጥ አይደለም። ገናን ላሊበላ የዋላችሁ ታውቁታላችሁ፤ በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲባል ግማሾቹ ካህናት ከላይ ማሜ ጋራ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ግቢው ውስጥ ይቆማሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ቴአትር ነው ማለቴ አይደለም፤ አምልኮ ነው። ግን አንዱ ድምፅ የሌላውን መልስ መጠበቅ እንዳለበት የተማርሁት እዚያ ነው። ከዚያ ሁሉ ነጭ ለባሽ መካከል «ያ ማነው?» የሚል የለም።

ሁለተኛዎቹ አስተማሪዎቼ ሐሚናዎች ናቸው፤ ሰዉ ላሊበሎች የሚላቸው። ወፍ ሳይንጫጫ በር ላይ ቆመው፣ ባልና ሚስት እየተቀባበሉ የሚያንጎራጉሩትን ማለቴ ነው። ዜማውን ቢተዉ ሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል እየተባለ ሲሸሹና ሲናቁ ኖረዋል። ደዌው በባክቴሪያ እንደሚመጣ እዚህ ላሉት ሐኪሞች አልነግራቸውም። ሥራቸውን ግን ተመልከቱ። አስቀድመው ከጎረቤት የባለቤቱን ስም ይጠይቃሉ። ከዚያ አንተ በጨለማ፣ ተኝተህ፣ የገዛ ስምህን በዜማ ትሰማለህ። ማን እንዳዜመልህ አታውቅም፤ እሱ ግን ያውቅሃል። ያለህን ስታወጣለት መርቆህ ይሄዳል።

ስለ ትወና ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ትምህርት አላገኘሁም። ገጸ ባሕርይ ሲሰጠኝ መጀመሪያ እጠይቃለሁ፦ ስሙን ማን አወጣለት? እናቱ ምን ብላ ትጠራዋለች? ሲናደድ ድምፁ ይወፍራል ወይስ ይቀጥናል? የእኔ ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ፖስተሩ ሲታተም።

ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ ቴአትር ቤት ረግጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። የወጋየሁን ፊት ሳያይ ጉዱ ካሳን አወቀ፣ በዛብህን አወቀ፣ ሰብለን አወቀ። ተራኪው አንድ ነበር፤ ቤት የገቡት ግን ብዙ ሰዎች ናቸው።

የዝና ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ታክሲ ስሳፈር በድራማው ስም ይጠሩኛል። ክፉ ሰው ስጫወት የሰደቡኝም አሉ፤ ለሥራዬ ምስክር ነውና አልቀየምም። የሚያስፈራኝ ይሄ አይደለም። ሁሉ ሰው የሚያውቅህ ሲመስልህ አንተ የሌላውን ስም መጠየቅ ትተዋለህ። ያን ቀን ትወናው አለቀ፤ ዝናው ግን ጥቂት ሊሰነብት ይችላል።

ደግነቱ ላስታ ስገባ ነገሩ ይስተካከላል። ሽማግሌዎቹ «የማን ልጅ ነህ?» ይሉኛል። አባቴን እጠራለሁ፣ አያቴን እቆጥራለሁ። ቴሌቪዥን ላይ መታየቴ ከዚያ በኋላ ይነሣል፤ ላይነሣም ይችላል። እኔም ማን እንደሆንሁ የማውቀው ያኔ ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከመካከላችን ርእሰ መምህር አለ፣ ዳኛ አለ፣ ወላጅ አለ። ልጅ መጥቶ «ተዋናይ መሆን እፈልጋለሁ» ሲላችሁ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» አትበሉት። «ማንን መሆን አማረህ?» በሉት። በራችሁ ላይ የሚያንጎራጉር ሰው ከመጣም ከመስጠታችሁ በፊት ስሙን ጠይቁት። እሱ የእኛን ሲጠይቅ ስንት ዘመኑ!