ፕሬዠር ስንመርጥ፦ የኤሌክትሪኩ ወይስ የምድጃው?

(ለማኅበሩ ለጋሾችና የቲም ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)



የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ውድ እናቶች፤

ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ከአንድ የመድረሳ አስተማሪ አፍ የሚጠበቅ አይደለም፤ ስለ ድስት ነው። ዳሩ ግን ባለፈው የረመዷን ወር የሆነውን ስንነግራችሁ፣ ጉዳዩ ወደዚህ መድረክ ለምን እንደ መጣ ትረዱልናላችሁ።

በዚያ ወር ጥቂት ለጋሾች የቲም ለሚያሳድጉ እናቶች በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፕሬዠር ገዝተው አመጡልን። ሐሳቡ እጅግ መልካም ነበር። ሰው ቤት ስታጥብና ስታጸዳ ውላ የምትመለስ እናት፣ መግሪብ አንድ ሰዓት ሲቀረው ሹርባ ማድረስ ይጠበቅባታል፤ ልጆቿም ጾመው እጅ እጇን ያያሉ። እኛም በደስታ ተቀብለን አደልን። ከዒድ በኋላ ቤቶቹን ስንዞር ግን የጠበቀን ነገር አንድ ዓይነት አልነበረም። በመጀመሪያው ቤት ድስቱ ከምድጃው ዳር አልተነሣም፤ እናቲቱም ረጅም ዱዓ አደረገችልን። በሁለተኛው ቤት ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ ዳንቴል ለብሶ አገኘነው። እናቲቱ አፍራ፣ «ኡስታዝ፣ አይቀየሙኝ፤ ቆጣሪው የጋራ ነውና እንዳትሰኪ ብለውኛል አከራዬ» አለችን። ሦስተኛው ድስት ደግሞ ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ነበር፤ ገና ሲሰካ ጢስ ወጥቶት በዚያው ቀረ።

ጥፋቱ የእናቶቹ አልነበረም፤ የለጋሾቹም አልነበረም። ሳንጠይቅ ያደልን እኛ ነን። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ለማወቅ ስንጠይቅና ስንሞክር ቆይተናል፤ የደረስንበትንም እንደሚከተለው እናካፍላችኋለን።

በመጀመሪያ ይህ ድስት ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ክዳኑ በጎማ ጥብቅ ብሎ ስለሚዘጋ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። እንፋሎቱ ሲታፈን ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ ውኃው ከተለመደው በላይ ይግላል። ይህን አስቀድሞ የሠራው ዴኒ ፓፔን የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1679 በለንደን ለሊቃውንት አሳይቶታል። ግፊቱ ሲበዛ እንፋሎቱን የሚለቀውን ማስተንፈሻም ያሰበው ይኸው ሰው ነው።

ለእኛ አገር ሰው ይህ ግኝት ከሌላው ይልቅ ያስፈልገዋል። ምክንያቱም በባሕር ዳርቻ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ስለዚህ ውኃው ገና 92 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ይፈላል። ከዚያ በኋላ ከሰል ብትጨምሩበት ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ስላለች እዚያ በ96 ዲግሪ ይፈላል። ከድሬዳዋ የመጡ እናቶች «የአዲስ አበባ ሽምብራ ድንጋይ ነው» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምተን ስቀናል፤ ለካ ጥፋቱ የሽምብራው አልነበረም።

አሁን ወደ ሁለቱ ድስቶች ልዩነት እንምጣ። የምድጃው ፕሬዠር አብዛኛውን ጊዜ ከውጪው አየር በላይ 100 ኪሎ ፓስካል ያህል ግፊት ይይዛል። ከኤሌክትሪኮቹ ብዙዎቹ የሚሠሩት ከ70 እስከ 80 ባለው ነው። በአዲስ አበባ አየር ይህ ወደ ሙቀት ሲመነዘር የምድጃው 116 ዲግሪ ያህል፣ የኤሌክትሪኩ ከ110 እስከ 112 ዲግሪ ግድም ይሆናል። ሁለቱም ከተራው ድስት 92 ዲግሪ እጅግ ይበልጣሉ፤ ሆኖም የምድጃው ቀድሞ ያደርሳል። የኤሌክትሪኩ እስኪግልም ይዘገያል፤ «20 ደቂቃ» ብለው ሲያዝዙት፣ ቆጠራውን የሚጀምረው ግፊቱ ከሞላ በኋላ ነው። በዚህ የተነሣ ተበላሽቷል ብለው የመለሱልን አሉ።

ከድስቱ ጋር የሚመጣው መጽሐፍ የሚሰጠው ሰዓትም ለቆላና ለባሕር ዳር አገር የተጻፈ ነው። የተለመደው ስሌት ከ600 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከመቶ 5 ጨምሩ የሚል ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ከሩብ ትንሽ ከፍ ያለ ጭማሪ ይደርሳል። መጽሐፉ 40 ደቂቃ ያለውን 50 ወይም ከዚያ ጥቂት አለፍ አድርጉት ማለታችን ነው።

የኤሌክትሪኩ ትልቁ በጎነት ፍጥነቱ ሳይሆን ራሱን መጠበቁ ነው። ሰዓቱ ሲሞላ በራሱ ይጠፋል፤ ከዚያም ምግቡን ሞቅ አድርጎ ያቆያል። እናት ድስት ሳትጠብቅ ሶላቷን ትሰግዳለች፣ የልጆቿን ደብተር ታያለች። ኃይል ይበላል የሚባለውም እንደሚነገረው አይደለም። ስድስት ሊትር የሚይዘው ብዙውን ጊዜ 1,000 ዋት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ቢሠራ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥር ነበር፤ ነገር ግን ግፊቱ ከሞላ በኋላ በየመካከሉ ብቻ ስለሚሞቅ ፍጆታው ከዚያ ያነሰ ነው። ባቄላ ለማብሰል ሁለት ሰዓት የሚነድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ከዚህ በእጅጉ የበለጠ ይቆጥራል።

ይህንኑ ስሌት ይዘን ወደዚያች እናት አከራይ ሄድን። አሮጊቷ በክብር ተቀበሉን፣ ቡና አፈሉልን፣ እስከ መጨረሻውም አዳመጡን። ከዚያም፣ «ልጆቼ፣ ለእርሷ ብፈቅድ ለሌሎቹ አምስት ተከራዮች ምን እመልሳለሁ? መስመሩ አሮጌ ነው፤ ባለፈው ዓመት ገመዱ ነዶ ነበር» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም። ድስቱን ወስደን የምድጃ ፕሬዠር ሰጠናት፤ የተመለሰውንም የራሷ ቆጣሪ ላላት ሌላ እናት አስረከብን። ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የነበረብን «ቆጣሪው የማን ነው?» የሚለውን እንደ ነበር የተረዳነው ያን ጊዜ ነው።

መብራት ሲሄድ የምድጃው ብልጫ ይታያል። በጋዝም፣ በኤሌክትሪክ ምድጃም፣ በከሰልም ይሠራል። የኤሌክትሪኩ ግን ግፊቱ ሳይሞላ መብራት ከጠፋበት በውስጡ ያለው ሥጋ ጥሬ እንደ ሆነ ለብ ብሎ ይቀመጣል። መብራቱ ከሰዓታት በኋላ ቢመለስ ያንን ሥጋ አብስሎ ለልጅ መስጠት አይገባም፤ ለጤና አደገኛ ነው። ቶሎ ወደ ሌላ ድስት ገልብጦ በከሰል መጨረስ ይሻላል። በሌላ በኩል ከሰልም ለፕሬዠር ምቹ እሳት ነው ብለን አንዋሽም። ፊሽካው ሲጮኽ እሳቱን ዝቅ ማድረጊያ የለውምና ድስቱን ማውረድ፣ መልሶ መጣድ ያስፈልጋል። ነበልባሉ ወደ ጎን ከወጣም እጀታውን ያቀልጠዋል።

ባሕር ማዶ ላላችሁ ወገኖቻችን አንድ ልዩ መልእክት አለን። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 ነው። ከዚያ የመጣ ድስት እዚህ በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል። ለ1,000 ዋት የሚበቃ ትራንስፎርመር መግዛት ደግሞ ከባድም ውድም ነው፤ ገንዘቡን ልካችሁ እዚህ ቢገዛ ይሻላል። ከዱባይ የሚመጣው ከእኛ ቮልት ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን ስፒናው ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ነው። ስፒናውን ቆርጦ ሽቦውን በክብሪት እንጨት ሶኬት ውስጥ መወተፍ በየቤቱ ያየነው አስደንጋጭ ልማድ ነው። ባለሙያ ስፒናውን ይቀይረው። ማንኛውንም ድስት ከመግዛታችሁም ሆነ ከመላካችሁ በፊት ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ከ220 እስከ 240 የሚል ሊሆን ይገባል።

ስለ አደጋው ሳንናገር ብናልፍ አማናችንን አልተወጣንም። ከብዙ ዓመታት በፊት በራሳችን ቤት የምድጃ ፕሬዠር ነበር። አንድ ማታ እንግዳ መጥቶ ስለ ተቸኮለ፣ እንፋሎቱ ሳይወጣ ክዳኑ በማንኪያ እጀታ ተፈልቅቆ ተከፈተ። የፈላው ምስር የባለቤታችንን ክንድ እስከ ክርኗ አቃጠላት፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። ድስቱ ምንም ጉድለት አልነበረበትም፤ ጥድፊያ ነው። የኤሌክትሪኮቹ ግፊቱ እስኪወርድ ክዳኑን የሚቆልፍ መቀርቀሪያ አላቸው። ከምድጃዎቹም በደንብ የተሠሩት አላቸው፤ ከሕንድ ከሚመጡት አንዳንዶቹ ክዳናቸው ከውስጥ በኩል የሚገጥም ስለሆነ፣ ግፊት እያለ መክፈት አይቻልም። ምንም መቆለፊያ የሌለውን ርካሽ ድስት ግን ለየቲም ቤት አንገዛም፤ እናንተም አታምጡልን።

የሁለቱም አያያዝ ተመሳሳይ ነው። ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሞላም። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ሩዝ ስለሚያብጡና አረፋ ስለሚያወጡ ከግማሽ አይለፉ። የምስር ገለፈት ማስተንፈሻዋን ቀዳዳ ይደፍናልና፣ ከመጣዳችሁ በፊት ቀዳዳዋን ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩ። ጎማው ሲደርቅ ወይም ሲሰነጠቅ ይቀየራል፤ ድስቱን ስትገዙ ትርፍ ጎማ አብራችሁ ግዙ። የምድጃውን ለማብረድ ቀዝቃዛ ውኃ ክዳኑ ላይ ማፍሰስ ይቻላል። የኤሌክትሪኩን ግን በፍጹም፤ ሲታጠብም ውስጠኛው ድስት ብቻ ይውጣ እንጂ ገላው ውኃ ውስጥ አይነከር።

ስለ ቦሎቄ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ድስቶች ቀስ ብሎ ማብሰያ የሚባል ቁልፍ አላቸው። ቀይ ቦሎቄ በጥሬው ሆድን ክፉኛ የሚያውክ መርዝ ስላለው፣ በለሰለሰ እሳት ቢውል መርዙ አይጠፋም። ሌሊቱን ዘፍዝፎ፣ ውኃውን ደፍቶ፣ በግፊት ማብሰል ነው የሚበጀው።

ወጥን በተመለከተ እናቶች ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። ቁሌቱ ክዳን ተከፍቶ፣ በማማሰል ነው የሚወጣው፤ ፕሬዠር ሥጋውን ያለሰልሳል እንጂ ሽንኩርቱን አይተካም። ሽሮም ከሥሩ ስለሚያርር ለሁለቱም አይሆንም።

እንግዲህ እኛ አሁን የምናደርገው ይህ ነው። ቆጣሪው የማን እንደ ሆነ፣ በቤቱ ያለው እሳት ምን እንደ ሆነ እንጠይቃለን። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ከሁሉ ይከብደናል፦ የሚያበስለው ማን ነው? እናት በሌለችባቸው ቤቶች አንዳንዴ የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ለታናናሾቿ ታበስላለች። እንዲህ ላለ ቤት፣ መስመሩ ከፈቀደ፣ ያለ ማመንታት የኤሌክትሪኩን እንሰጣለን፤ ራሱን ይቆልፋልና፣ ራሱንም ያጠፋልና። ከሰል ላይ የሚጮኽ ድስት በልጅ እጅ እንዲወርድ አንፈልግም። በአንዲት አያት ቤት ደግሞ ቁልፎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ስላልተነበበላቸው የልጅ ልጃቸው ለሽምብራው አንድ፣ ለሥጋው ሁለት ነጥብ በጥፍር ቀለም ምልክት አደረገችላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ችግር የለም። ገቢዋ ዝቅተኛ ለሆነና ቤት ለምትቀያይር እናት ግን የምድጃው ይሻላታል። የሚበላሽበት ጎማውና ማስተንፈሻው ብቻ ስለሆነ በጥቂት ገንዘብ ይታደሳል፤ የኤሌክትሪኩ የውስጥ ሰሌዳ ከተቃጠለ ግን ጠጋኙ ብዙ አይደለም።

ለአምስት ወይም ለስድስት ቤተሰብ ስድስት ሊትር የሚይዘው ይበቃል። ሦስት ሊትር የሚይዘው ዋጋው ቀላል ስለሆነ ብዙ ለማደል ያጓጓል፤ ግማሹን ብቻ ስለምንሞላው ግን ሽምብራው ለልጆቹ አይዳረስም።

ሁለቱም ድስቶች በስተኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ አሉ፤ በሁለቱም ሽምብራ ተጥዶባቸዋል። እናቶች ቀረብ ብላችሁ ክዳኑን ራሳችሁ ክፈቱ፣ ራሳችሁ ዝጉ፤ የትኛው ለእጃችሁ እንደሚቀል ንገሩን። የዘንድሮውን ግዢ የምንወስነው ከእናንተ መልስ ተነሥተን ነው። የምድጃው ፊሽካ ስለ ጮኸ፣ ወንድሞች፣ እሳቱን ዝቅ አድርጉልን።