የበረዶ ምትና የቤታችን ጣራ



በረዶ ጥሎ ካባራ በኋላ የቤታችንን ጣራ እንዴት እንመርምር? ጥያቄው ተራ ይመስላል። ይሁንና ጣራው የሚያስጠልለው ሰውን ብቻ አይደለም፤ የዓመቱን ገብስ፣ ለዘር የተቀመጠውን ድንችና የልጆችን ደብተር ጭምር ነው።

አስቀድመን የበረዶውን ጠባይ እንመልከት። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በእኛ ሰማይ አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው በ5,000 ሜትር አቅራቢያ ነው። ወደ ቆላ የሚወርድ በረዶ በረጅሙ ሞቃት አየር ውስጥ አብዛኛው ይቀልጣል፤ ወደ ደጋችን የሚወርደው ግን መንገዱ አጭር ስለሆነ እንደ ጠነከረ ይደርሳል። የፍሬው ስፋት በእጥፍ ሲያድግ ክብደቱ 8 እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱም አብሮ ስለሚጨምር የምቱ ጉልበት 16 እጥፍ ይደርሳል።

ይህ ምት ቆርቆሮን ይሰረጉዳል። ነገር ግን የተሰረጎደ ቆርቆሮ ሁሉ ያፈስሳል ማለት አይደለም። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው የለበሰው ዚንክ ነውና፣ ዚንኩ እስካልተላጠ ድረስ ጣራው ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ውሃ በአብዛኛው የሚገባው በመገጣጠሚያው ነው፤ በምስማሩ ሥር፣ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ በሚደራረብበት ጠርዝ፣ በጣራው አናትና በአሸንዳው በኩል። የቆርቆሮ ቁጥር በጨመረ መጠን ውፍረቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ባለ 35 ቁጥር ቆርቆሮ ከባለ 28 ቁጥሩ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል።

ምርመራው ከውስጥ ይጀመር። ፀሐይ በወጣች ቀን፣ በቀትር፣ በርና መስኮት ዘግቶ ወደ ላይ ማየት ነው፤ እንደ ኮከብ ብልጭ የምትል ብርሃን ቀዳዳውን ትጠቁማለች። ኮርኒስ ያለው ቤት ከሆነ አዲስ የውሃ ምልክት ይፈለግ። ቀጥሎ ከደጅ ቆሞ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል ጣራውን መቃኘት ነው፤ በጥላው የተነሣ ስርጉዱም ብቅ ያለው ምስማርም ይለያል። አሸንዳው ውስጥ በረዶና ቅጠል ከተከማቸ ውሃው ወደ ግድግዳው ስለሚመለስ ቶሎ ይጠረግ።

ጣራ ላይ መውጣት ግድ ከሆነ፣ ቆርቆሮው ደርቆ፣ ነጎድጓዱም ርቆ፣ መሰላሉን የሚይዝ ሰው ባለበት ይሁን። እግር የሚያርፈው በምስማሩ ረድፍ ላይ ነው፤ ከሥሩ ሞራሌ አለና። የላላውን ምስማር መልሶ መምታት ብቻውን አይበቃም፤ ቀዳዳው ሰፍቷልና ወፈር ባለ፣ ባለ ጎማ ምስማር ይተካ። ቡናማ ዝገት የታየበት ቆርቆሮ ለብቻው ይለወጥ።

ስርጉድ አይቶ ደንግጦ ጣራውን በሙሉ የሚቀይር ሰው ጥሪቱን በከንቱ ያወጣል። ስርጉድ ስላላየ ብቻ የተዘናጋው ደግሞ፣ በአንዲት ምስማር ሥር በምትወርድ ጠብታ ሞራሌው ሲበሰብስ ሳያውቅ ክረምት ይመላለስበታል። ሁለቱንም የሚያድናቸው የአንድ ቀትር ምርመራ ነው።