ከጠመንጃው በፊት ጥይቱ
የሽጉጥ ጥይት የሚተኩስ ካርባይንን ለዒላማና ለውድድር ስለ መምረጥ፤ ለቡ በተደረገው የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




ባለፈው ጉባኤ ማብቂያ ላይ በአሜሪካን አገር ከሚኖሩት አባሎቻችን አንዱ ወደ እኔ ቀረብ ብሎ፣ «ጋሼ፣ የዒላማ ተኩስ ክበብ ገብቻለሁና የትኛውን ካርባይን ልግዛ?» ሲል ጠየቀኝ። አጠገቡ ቆሞ ይሰማ የነበረ ሌላ አባል ደግሞ፣ «እኛስ እዚሁ ለቡ ክበብ ብናቋቁም ምን ይጎድለናል?» አለ። የዝግጅት ኮሚቴው ለሁለቱም ጥያቄዎች በአንድነት መልስ እንድሰጥ ስላዘዘኝ ዛሬ በፊታችሁ ቆሜአለሁ። እኔ በሙያዬ ብረት ቆራጭና መካኒክ እንጂ የጦር ሰው አይደለሁም። ይሁን እንጂ በውጭ አገር በኖርሁባቸው ዓመታት ቅዳሜዬን የማሳልፈው በዒላማ ሜዳ ስለነበረ፣ ተሳስቼ የተማርሁትን ባካፍላችሁ አንዳንዶቻችሁን ከስሕተት አድን ይሆናል።

በመጀመሪያ ስለ ምን እንደምንነጋገር እንግባባ። ካርባይን ማለት አጭር ጠመንጃ ማለት ነው። የቃኘው ሻለቃ በኮሪያ የተሰለፈበትን ዘመን የሚያስታውሱ አባቶች ስሙን ከአሜሪካኑ ኤም 1 ካርባይን ጋር ያውቁታል፤ የዚያ ጥይት ግን ለራሱ ተብሎ የተሠራ እንጂ የሽጉጥ ጥይት አልነበረም። የዛሬው ርእሳችን የሽጉጥ ጥይት፣ በተለይም 9 ሚሊ ሜትሩን፣ እየጎረሰ ከትከሻ ላይ የሚተኮሰው ነው። ጥይቱ የኡዚና የቤሬታ ንዑስ መትረየስ ጥይት ቢሆንም፣ የምንናገርለት መሣሪያ ቃታው አንድ ጊዜ ሲሳብ አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩስ ነው። ልዩነቱ በሕግም በሜዳም ታላቅ ነው።

ምክሬን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላስቀድመው፤ የቀረው ሁሉ የእርሱ ማብራሪያ ነው። የሚመረጠው በመጀመሪያ ጥይቱ፣ ቀጥሎ ሜዳው፣ በመጨረሻም ጠመንጃው ነው። አብዛኛው ሰው ግን ከመጨረሻው ይጀምራል።

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ትምህርት ሊሆን ባልተገባ ነበር። አባቶቻችን ለጠመንጃ ስም ሲያወጡ ኖረዋል፤ ውጅግራ፣ ሰናድር፣ ምንሽር፣ በልጅግ እያሉ። ውጅግራ የተባለው ፈረንሳዮች በ1874 (እ.ኤ.አ.) የተቀበሉት ፉዚ ግራ ነበር፤ ጥይቱም 11 ሚሊ ሜትር ነው። የዚህ ጠመንጃ ጥይት በአገራችን ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ ይመነዘር እንደነበረ በታሪክ የታወቀ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ገበያው ዋጋ የሰጠው ለብረቱ ብቻ ሳይሆን ለጥይቱም ጭምር ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ድል ያደረገው ሠራዊት ውጅግራ፣ ረሚንግተን፣ በርዳንና ሌላም ዓይነት ጠመንጃ ይዞ ነበር። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። በ1928 ዓ.ም. ጠላት ተመልሶ በመጣ ጊዜም ይኸው የጠመንጃ መደባለቅና የጥይት እጥረት ከሠራዊታችን ችግሮች አንዱ ነበር። ጥይት ያልተገኘለት ጠመንጃ፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢፎከርበት፣ ከዱላ አይሻልም።

ሽጉጥና ጠመንጃ በአንድ ዓይነት ጥይት እንዲተኮሱ ማድረግም የቆየ ጥበብ ነው። የአሜሪካኑ ዊንቸስተር በ1873 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጠመንጃ የሚተኮሰውን ጥይት ኮልት የተባለው ፋብሪካ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ለሽጉጡ አደረገው፤ መንገደኛውም በአንድ ዝናር ሁለቱን መሣሪያ መገበ። ዛሬ ይህን ቦታ የያዘው በሃያኛው ምእተ ዓመት መባቻ ላይ ኦስትሪያዊው ጌኦርግ ሉገር የሠራው 9 በ19 የተባለው ጥይት ነው። በዓለም ላይ በብዛት ይመረታል፤ ከትልልቅ የጠመንጃ ጥይቶች ርካሽ ነው፤ ሲተኮስም ትከሻ አይጎዳም። በአንድ የውድድር ቀን ከ100 እስከ 200 ጥይት የሚተኩስ ሰው፣ ለልምምድ ደግሞ የዚያን እጥፍ የሚያስፈልገው፣ የጠመንጃው ዋጋ አንድ ጊዜ፣ የጥይቱ ዋጋ ግን ዘወትር እንደሚከፈል ማወቅ አለበት።

ወደ ውድድሩ እንለፍ። የተግባር ተኩስ የሚባለው ስፖርት ዓለም አቀፍ ማኅበር ያቋቋመው በ1976 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ፣ በሚዙሪ ግዛት ነው። ለብዙ ዓመታት የሽጉጥ ስፖርት ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ የአሜሪካው ማኅበር በ2016 (እ.ኤ.አ.) የሽጉጥ ጥይት ለሚተኩሱ ካርባይኖች የራሳቸውን ምድብ ከፈተ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጥይቱ አንድ ስለሆነ ሜዳው፣ የአፈር ግድቡና የብረት ዒላማው ሳይለወጥ ሁለቱም ይተኮሱበታል።

በዚህ ስፖርት የጥይት ኃይል በስሌት ይለካል። የአረሩ ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ በጫማ ተወስዶ ይባዛና ለ1,000 ይካፈላል፤ ውጤቱ ከ125 ማነስ የለበትም። ምሳሌ ልስጥ። 115 ግሬን አረር ከሽጉጥ በ1,150 ጫማ ፍጥነት ቢወጣ ውጤቱ 132 ነው። ያው ጥይት ከካርባይን ረጅም አፈሙዝ በ1,300 ጫማ ቢወጣ 149 ይሆናል። ነገር ግን ካርባይን በዚህ ምድብ የሚያገኘው ነጥብ በ149ም በ132ም ያው ነው፤ ትርፉ ኃይል ትከሻን ከመግፋት በቀር ጥቅም የለውም። ስለዚህ ብልህ ተወዳዳሪ ኃይለኛ ጥይት አይፈልግም፤ ወለሉን በጥቂቱ የሚያልፍ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ፣ መሣሪያውን ሳያስተጓጉል የሚሠራ ጥይት ይፈልጋል እንጂ።

አሁን የመካኒኮችን ጆሮ ወደሚስበው ክፍል ደርሰናል። ከእነዚህ ካርባይኖች አብዛኞቹ ሲተኮሱ መቀርቀሪያው ከአፈሙዙ ጋር አይቆለፍም። አረሩ እስኪወጣና የጋዙ ግፊት እስኪበርድ ድረስ ቀለሃውን በቦታው የሚያቆየው የመቀርቀሪያው ክብደትና የሞላው ጉልበት ብቻ ነው። ስለሆነም መቀርቀሪያው ከባድ መሆን ግድ ይለዋል፤ ያ ክብደት ወደ ኋላ ሄዶ ሲመለስ ማነጣጠሪያውን ያናውጠዋል። «ትንሽ ጥይት ሆኖ ለምን ይራገጣል?» የሚሉ ሰዎች መልሱ ይኸው ነው። የቼኩ ስኮርፒዮንና የጣሊያኑ ቤሬታ ሲኤክስ 4 በዚህ መንገድ ይሠራሉ። የሩገር ፋብሪካ ካርባይንም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን በመቀርቀሪያው ውስጥ የተንግስተን ክብደት ተጨምሮ ግጭቱን እንዲያለዝብ ተደርጓል። የጀርመኑ ኤምፒ 5 ዓይነት መሣሪያ በተንከባላይ ብረቶች መቀርቀሪያውን ያዘገያል፤ ሲግ ኤምፒኤክስ ደግሞ በጋዝ እየሠራ መቀርቀሪያውን ይቆልፋል። እነዚህ ለስላሳ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ይወደዳል፣ ክፍላቸውም ይበዛል። ለጀማሪ የምመክረው ቀላሉንና መለዋወጫው በቅርብ የሚገኘውን ነው።

በአሜሪካ የምታዩት የካርባይን አፈሙዝ ርዝመት ብዙውን ጊዜ 16 ኢንች፣ ማለትም 40 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል የሆነው ጥይቱ ፈልጎት አይደለም፤ በ1934 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ ከዚያ ያጠረውን ጠመንጃ በልዩ ምዝገባ ሥር ስላደረገው ነው። ስለዚህ አፈሙዙ ረዘመ ተብሎ ብዙ ተአምር አይጠበቅ።

ካዝናውን በሚመለከት የራሴን ጉድ ልናገር። የመጀመሪያውን ካርባይኔን የገዛሁት መልኩን ወድጄ ነበር። ካዝናው ከማንም ሽጉጥ ካዝና ጋር የማይመሳሰል፣ ለእርሱ ብቻ የተሠራ ሆነና ሁለቱ በተሰበሩብኝ ጊዜ ሌላ የሚሸጥልኝ አጣሁ። የውጅግራ ታሪክ በእኔ ላይ ተደገመ ማለት ነው። እንግዲህ ሽጉጥ ያላችሁ የሽጉጣችሁን ካዝና የሚቀበል ካርባይን ምረጡ።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከዚህ የከፋ ነበር። የብዙዎቹ ካርባይኖች ማነጣጠሪያ ከአፈሙዙ በላይ ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በ25 ሜትር ርቀት የተስተካከለ ጠመንጃ በ5 ሜትር ላይ ሲተኮስ ጥይቱ ዓይን ካየበት ቦታ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። እኔም በአንድ ውድድር ላይ በቅርብ የቆመውን ዒላማ ግንባር አነጣጥሬ፣ ከበታቹ ተጋርዶ የነበረውን፣ እንዳይመታ የተከለከለውን ነጩን ካርቶን መታሁ። በደንቡ መሠረት አሥር ነጥብ ተቀነሰብኝ። ነጥቡስ ይተካል፤ ነገር ግን ያ ካርቶን የሚወክለው ንጹሕ ሰውን መሆኑን ሳስብ የዚያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠመንጃው አልተሳሳተም፤ የማላውቀው እኔ ነበርሁ። መሣሪያ ስትመርጡ ሰደፉ ከክንዳችሁ ርዝመት ጋር ይስማማ እንደሆነ፣ ማነጣጠሪያው አንገት ሳይሰበር ይታይ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ከዚያም በ5፣ በ10፣ በ25 እና በ50 ሜትር ተኩሳችሁ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ በማስታወሻ ጻፉ። ይህን ያላደረገ ሰው ጠመንጃ ገዛ እንጂ አልመረጠም።

የመጀመሪያው ጠያቂ መልሱን አግኝቷል። ወደ ሁለተኛው ልመለስ፤ እዚህ ለቡ ምን ይጎድለናል?

የእርሻና የግጦሽ መሬት የነበረው ለቡ ዛሬ መኖሪያ ሕንፃ ሞልቶታል። የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ግድብ ካላገኘው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከዚህ አዳራሽ ደጃፍ ወደ ባቡር ጣቢያው ወይም ወደ ጀሞ አቅጣጫ አንድ ኪሎ ሜትር ብትቆጥሩ ስንት ቤት፣ ስንት ልጅ ታገኛላችሁ? በሰርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮሰውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ያ ጥይት ሰማይ ላይ አይቀርም፣ ይወርዳል፣ ይገድላልም። ስለዚህ የሚጎድለን ጠመንጃ አይደለም፤ የሚጎድለን ከፍ ያለ የአፈር ግድብ፣ የታጠረ ሜዳ፣ «አቁም!» ሲባል ሁሉም የሚታዘዘው የተኩስ መሪ ነው።

ከዚህም ሌላ ሕግ አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ለማን፣ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚፈቀድ የሚወስነው ሕጉና ተቆጣጣሪው አካል እንጂ የእኛ ፍላጎት ወይም ገበያው አይደለም። በዚህ ረገድ አቋራጭ የሚፈልግ ሰው በማኅበራችን ቦታ ሊኖረው አይገባም።

ታዲያ ተስፋ እንቁረጥ ወይ? የለም። የአድዋ ድል በተገኘ በ36ኛው ቀን በአቴና በተከፈተው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ አምስት የተኩስ ውድድሮች ነበሩ። በዛሬው ኦሊምፒክ ካርባይናችን ቦታ የለውም፤ በአየር ግፊት የሚሠራው 4.5 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ግን አለው፤ የሚተኮሰውም በ10 ሜትር ርቀት፣ በቤት ውስጥ ነው። ክበብ እናቋቁም ካልን፣ አስፈላጊውን ፈቃድ ጠይቀን ከዚያ እንጀምር። ትንፋሽን መግታት፣ ቃታን በእርጋታ መሳብ፣ አፈሙዝን ወደ ሰው አለማዞር፣ ይህ ሁሉ በዚያ በትንሹ ይለመዳል። በዚያ ያልታረመ እጅ በትልቁ አይታረምም።

አልሞ ተኳሽ የሚለው ስማችን የቆየ ክብራችን ነው። ነገር ግን በዚህ ስም ውስጥ አልሞ የሚለው ቃል ተኳሽ ከሚለው ይቀድማል። ማለም ማለት ጥይቱ ከመውጣቱ በፊት የሚያርፍበትን ማወቅ ነው። ይህን ያወቀ ሰው የትኛውን ካርባይን እንደሚገዛ ለመጠየቅ ወደ እኔ መምጣት አያስፈልገውም።