ግድግዳው ይናገር፣ ልጆቹም ይጫወቱ!

(አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሰፈር ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



የሰፈራችንን ልጅ «መንግሥቱ ወርቁ ማነው?» ብትሉት ምን ይመልስላችኋል? የአርሴናልን አሰላለፍ ግን ከበረኛ እስከ ተቀያሪ ያንበለብለዋል! በልጁ አልፈርድም። በየታክሲው፣ በየፀጉር ቤቱ የተለጠፈለት ያ ነው። በ1954 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ አምበላችን ሉቻኖ ቫሳሎ እንደነበር፣ አራተኛዋን ጎል መንግሥቱ እንዳገባት የሚነግረው ግድግዳ የታል?

ስለዚህ ግድግዳችንን እንቀባ ነው የምለው። አዲስ ነገር አመጣህ እንዳትሉኝ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስለሺ ደምሴ «ጋሽ አበራ ሞላ» ተብሎ ሲነሳ ቆሻሻ ጠርገው ድንጋይ የቀቡት፣ አበባ የተከሉት የየሰፈሩ ልጆች አልነበሩም እንዴ? በሰው አገርም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የጣልያኑ ናፖሊ ሻምፒዮን ሲሆን አንድ የሰፈር ልጅ ማራዶናን በሕንፃ ግድግዳ ላይ ሳለው። ቀለሙ ለቀቀ፤ ይባስ ብሎ ፊቱ ላይ መስኮት ተከፈተበት! እ.ኤ.አ. በ2016 የሰፈሩ ሰው አሳደሰው። ብራዚሎችማ የዓለም ዋንጫ በመጣ ቁጥር አስፋልቱን ሳይቀር ይቀቡታል።

«ሥዕል ኳስ ያጫውታል ወይ?» ትሉ ይሆናል። ብቻውን አያጫውትም። ግን ግድግዳው ላይ ቋሚውና አግዳሚው በነጭ ቀለም ቢሰመር፣ «ገብቷል! ከላይ ነው!» የሚባለው የድንጋይ ጎል ጭቅጭቅ ያበቃል። በማዕዘኖቹ ክብ ክብ ቢሳል ልጆቹ አነጣጥሮ መምታት ይለምዳሉ። ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቆ ኳስ ለሚሠራ ልጅ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። (የግድግዳውን ባለቤት ማስፈቀድ ግን እንዳይረሳ! የእትዬን መስኮት የሰበረ ከነቡርሹ ነው የሚባረረው።) ከጎሉ አጠገብ ሎዛ አበራ ትሳል። ማልታ ድረስ ሄዳ የተጫወተች ልጅ እያለችን እህቶቻችን ከዳር ቆመው ማየት ይብቃቸው። ቀቢዎቹም ልጆቹ ራሳቸው ይሁኑ፤ በእጁ የቀባውን ማንም አያስነካም።

አሁን ወደ ወረዳችን ልምጣ። አስተዳደሩ በየቦታው ሜዳ መሥራቱን አልክድም፤ የተሠራን ተሠራ ማለት ነውር የለውም። ግን በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ የፈረሰው ቤት ብቻ ነው? አብሮ የሚጫወተው ቡድንም ተበትኗል። ተከላካዩ በአንዱ የከተማ ዳር፣ አጥቂው በሌላው! ሕንፃውስ ግራጫ ይቀባ ሲባል ልጆቹን ማን አማከረ?

ገንዘብ አንጠይቅም። አንድ ግድግዳ ይፈቀድልን፣ እሱም በጽሑፍ! በቃል የተፈቀደ ነገር ሹሙ ሲቀየር ይሰረዛልና። ቀለሙን እኛው እናዋጣለን። እሑድ ከሰዓት ቡርሽ ያለው ቡርሹን፣ የተረፈ ቀለም ያለው ቀለሙን ይዞ ይምጣ።