በልጅቷ ላይ ከመፍረዳችን በፊት



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እንግሊዝኛ ፈተና ነው። «እኛ ምን አገባን? ለመምህራኑ እንተወው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገባናል።

ትምህርት ሚኒስቴር እንዳስታወቀው፣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት የአገራችን ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ሆነ። ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዱን ግን እዚሁ ቤታችን ልናየው እንችላለን፤ ቋንቋውን።

ልጆቻችን ትምህርት የሚጀምሩት በአማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይማሩታል። ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ከአማርኛ ትምህርት በቀር መጽሐፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ይሆናል። ስለዚህ የባዮሎጂውም፣ የታሪኩም ወረቀት የእንግሊዝኛ ፈተና ጭምር ነው።

የቡሬ ገጠር ልጅ አባቷ አሲዳማውን መሬት በኖራ ሲያክም አይታለች። ኖራው ለምን እንደሚበተን ብትጠይቋት ትነግራችኋለች። ይኸው ነገር በኬሚስትሪ ፈተና በእንግሊዝኛ ሲመጣ ግን ጥያቄው ራሱ ላይገባት ይችላል። ወረቀቱ «አታውቅም» ይላል፤ ልጅቷ ግን ታውቃለች።

ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታ፣ ስንቅ ከገጠር እየተላከላት የምትማር ልጅ ዝቅተኛ ውጤት ስታመጣ «ትምህርት አልሆነላትም፤ ትመለስና ትዳር ትያዝ» ይባላል። በዚያች አንድ ቃል የልጅቷ ዕድሜ ይወሰናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ እናቶች፣ ውጤት ሲመጣ ልጃችሁን «የተማርሽውን በአማርኛ አስረጂኝ» በሏት። ካስረዳች የጎደላት ቋንቋው ነው፤ ካላስረዳች ትምህርቱ ራሱ እገዛ ይፈልጋል። ይህን ለመጠየቅ እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ በየማታው አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ጮክ ብላ ታንብብላችሁ። ብሔራዊው ፈተና ምርጫ ነው፣ መናገር አይጠይቅም ብላችሁ አትተዉት። ማንበብ የለመደች ልጅ ጥያቄውን ቶሎ ትረዳለች፤ ሰዓቱም አይቀድማትም።

ሦስተኛ፣ ደጋፊዎቻችን፣ ከደብተሩ ጋር የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላትና የፀሐይ መብራት ጨምሩልን። በአንድ ግቢ የተከራዩ አራት አምስት ልጆች ተካፍለው ይጠቀሙበታል።

በሚቀጥለው ወር ስብሰባ እያንዳንዳችን ልጃችንን ጠይቀን ያገኘነውን ይዘን እንምጣ። ከዚያ በፊት የማንንም ልጅ ትምህርት አናቋርጥ።